ዘርን የሚመዘግቡና የማይመዘግቡ አገሮች ስለ አድልዎ ለምን አይግባቡም?

መንገደኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ባልደረቦች ባሉበት ድርጅት ሲሆን፣ አድልዎን የሚመለከት የውስጥ መመሪያና የአቤቱታ ማቅረቢያ ቅጽ እንዲያዘጋጅ በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ እገኛለሁ። አድልዎ ነውር መሆኑን ሁላችንም ስለምናምን ሥራው ቶሎ የሚያልቅ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ቅጹ የአመልካቹን ዘር ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ የሚለው ነጥብ እንደተነሣ መግባባት ጠፋ። አሜሪካዊቷ ባልደረባችን «ዘር የሚሞላበት ሣጥን ከሌለ ማን በብዛት እንደሚበደል በምን እናውቃለን?» አለች። ፈረንሳዊው ኮስተር ብሎ፣ ሠራተኛን በዘር መመዝገብ ልንከላከለው የተነሣንበት ድርጊት ራሱ ነው ሲል ተከራከረ። ብራዚላዊው ከቀረቡት ምርጫዎች መካከል ራሱን የሚያገኝበት እንደሌለ ተናገረ። እስከዚያ ዝም ብላ የቆየችው ሕንዳዊት ደግሞ፣ እርሷ የምታውቀው መገለል በቆዳ ቀለም የማይለይ በመሆኑ ሣጥኑ ቢኖርም ባይኖርም ለእርሷ ለውጥ እንደሌለው መግለጽ ስትጀምር፣ የአገሯ ልጅ የሆነ ሌላ ባልደረባ «ያ ጉዳይ እኛ ዘንድ የለም» ብሎ አቋረጣት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ስለ አንድ በደል ነው ወይስ ስለ ተለያዩ በደሎች? ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ ከሆነ ጥሩ አወያይ ሊፈታው ይችላል፤ በደሉ ራሱ የተለያየ ከሆነ ግን አንድ መመሪያ ለሁሉም መብቃቱ ያጠራጥረኛል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ተግባራዊ ነው፤ ሣጥኑ ይግባ ወይስ ይቅር? «ሁሉም ከራሱ ባህል አንጻር ትክክል ነው» የሚለውን መልስ በስብሰባው ላይ ሰምቼዋለሁና ከእርሱ የተሻለ ነገር እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ለኮሚቴው ለማቅረብ ይመቸኛል።

ቆጣሪው

ሰላም መንገደኛ። ሙያዬ ስታቲስቲክስ ስለሆነ ከሣጥኑ ልጀምር። እያንዳንዱ ባልደረባዎ ሣጥኑን ሲያይ የሚታየው በአገሩ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ የዋለበት ተግባር ይመስለኛል።

ፈረንሳዊው ለምን እንደኮሰተረ ለመረዳት ወደ 1940 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት፣ የጀርመን ጦር በያዘው የአገሪቱ ክፍል የሚኖሩ አይሁዳውያን ቀርበው እንዲመዘገቡ ታዘዙ፤ አብዛኞቹም ሕግ አክባሪ ሰዎች ነበሩና ሄደው ስማቸውንና አድራሻቸውን ሰጡ። የፓሪስ ፖሊስ ከዚያ ምዝገባ ያደራጀው የካርድ መዝገብ በሐምሌ 1942 ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ ከየቤታቸው ለመልቀም አገለገለ፤ በር እያንኳኩ የለቀሟቸውም የፈረንሳይ ፖሊሶች ነበሩ። ዜጋን በትውልዱ አለመለየት ከ1789ኙ አብዮት ጀምሮ የኖረ ሐሳብ ቢሆንም፣ የጦርነቱ ትዝታ ግን ከፍልስፍናነት አውጥቶ የሚያስፈራ እውነት አደረገው። የ1958ቱ ሕገ መንግሥት በመጀመሪያ አንቀጹ ዜጎች በትውልድ፣ በዘርና በሃይማኖት ሳይለዩ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል፤ የ1978ቱ የግል መረጃ ሕግ የዘር መረጃ መሰብሰብን በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤቱም በ2007 ዘርንና ብሔርን መነሻ ያደረገ ጥናት ከዚያ አንቀጽ ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። የአገሪቱ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት የትውልድ አገርን፣ የዜግነትንና የወላጆችን የትውልድ ቦታ መረጃ ነው።

አሜሪካዊቷ የመጣችበት መንገድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ1790 ሲካሄድ ነጻ ነጮችን፣ ሌሎች ነጻ ሰዎችንና ባሪያዎችን ለይቶ መዝግቧል፤ የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል ባሪያው የሚታሰበው እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ነበር። በቆጠራው ቅጽ ላይ ያለው የዘር ዓምድ ሲፈጠር የግፍ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ በኋላ ግን ያው ዓምድ የተበዳዮች ማስረጃ ሆነ። በሰሜን ካሮላይና አንድ የኃይል ማመንጫ ኩባንያ ከጉልበት ሥራ ወደ ተሻለ ክፍል ለመዛወር የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የፈተና ውጤት ይጠይቅ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ጉዳዩን ሲመረምር በ1960ው ቆጠራ መሠረት በግዛቲቱ ከነጭ ወንዶች 34 ከመቶው፣ ከጥቁር ወንዶች ግን 12 ከመቶው ብቻ ያንን ደረጃ እንዳጠናቀቁ ተመለከተ። መስፈርቱ ከሥራው ጋር ግንኙነት እንዳለው ኩባንያው ማስረዳት ስላልቻለ፣ ክፉ ሐሳብ አለው ወይስ የለውም የሚለው ሳያስፈልግ ተፈረደበት። ያለ ቆጠራው ያ ፍርድ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም።

የብራዚሉ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ባርነትን በ1888 ያስወገደች፣ በአሜሪካ አህጉር የመጨረሻዋ አገር ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ደቡብ አሜሪካ ግዛቶች (የዩናይትድ ስቴትስን ደቡብ ማለቴ ነው) ሰውን በሕግ የሚለያይ ሥርዓት አላቆመችም። ቀለም በዚያ አገር አጥር ሳይሆን ተዳፋት ሆኖ ኖረ። በ1976 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሰዎች ቀለማቸውን በራሳቸው ቃል እንዲገልጹ ሲጠይቅ ከ130 በላይ የተለያዩ መጠሪያዎች ተመዘገቡ፤ ባልደረባዎ ራሱን የሚያገኝበት ሣጥን ቢያጣ አያስገርምም። ብዙ ብራዚላውያን ለረጅም ጊዜ ይህንን መደባለቅ ለዘረኝነት አለመኖር ማረጋገጫ አድርገው ሲያቀርቡት፣ የጥቁሮች ንቅናቄ ግን ተዳፋቱ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆመው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ኖሯል። በ2012 የወጣው፣ ከዩኒቨርሲቲ መቀመጫዎች ከፊሉን ለጥቁሮችና ለሌሎች ተገፊዎች የሚለየው የኮታ ሕግ ጥያቄውን ወደ ቢሮ አመጣው። ኮታው የሚገባውን ለመለየት በየተቋሙ የሚሰየሙት ኮሚቴዎች የአመልካቹን መልክ፣ ማለትም ቆዳውን፣ ጠጉሩንና የፊቱን ቅርጽ ይመለከታሉ እንጂ የዘር ሐረጉን አይቆጥሩም፤ የጥቁር አያቱን ፎቶግራፍ ይዞ የሚመጣ ሰው በዚያ ብቻ አይጠቀምም። አመክንዮው በመንገድ ላይ ፖሊስ የሚያስቆመው አያቱን አይቶ አይደለም የሚል ነው። በአሜሪካ ደግሞ ለምሳሌ የቨርጂኒያ ግዛት የ1924ቱ ሕግ ነጭ የሚለው ሌላ ደም የሌለበትን ሰው ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው በአንዱ አገር ጥቁር፣ በሌላው ነጭ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በደሉ አንድ ነው ወይስ የተለያየ ላሉት፣ አንድ መለኪያ አለኝ። ተመራማሪዎች ችሎታቸው እኩል የሆኑ፣ ስማቸው ግን የተለያየ የሥራ ማመልከቻዎችን ለእውነተኛ ቀጣሪዎች ይልካሉ። በ2019 የታተመ አንድ ትንተና በዘጠኝ አገሮች የተካሄዱ 97 እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን አነጻጽሮ፣ በሁሉም አገሮች ነጭ ያልሆኑ አመልካቾች አነስተኛ ጥሪ እንደሚያገኙ፣ ከፍተኛው ልዩነት በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም በስዊድን መታየቱን፣ አሜሪካና ጀርመን ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ ተነሥተው ዘርን መቁጠር አድልዎን ይቀንሳል ለማለት አይቸኩሉ፤ ጀርመንም በዘር አትቆጥርም። የማይቆጥር አገር አድልዎ የለበትም የሚለው ክርክር ግን ከዚህ በኋላ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ፍርደ ገምድል

ስሜን አይታችሁ አትፍረዱብኝ። ቆጣሪው የጻፈው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በአሜሪካ ሚዛን መመዘኑ ያሳዝነኛል። ነጭና ጥቁር የሚለው ክፍፍል የአንድ አገር ታሪክ ነው፤ ዓለም ሁሉ ግን በእርሱ እንዲናገር እየተገደደ ይመስላል።

ሩዋንዳን ተመልከቱ። የቤልጅየም አስተዳደር በ1930ዎቹ ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ የሚል የመታወቂያ ወረቀት ማደል ጀመረ፤ በ1994 በየመንገዱ በተዘረጉት ኬላዎች ላይ ያ ወረቀት የሞት ፍርድ ሆነ። ገዳዩና ተገዳዩ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ቀለም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ መታወቂያው ላይ ያለው መለያ ተሰረዘ፤ ሕዝብን መከፋፈልም በሕግ ወንጀል ሆነ። ይህንን ያየ ሰው ሣጥን ለመጨመር እጁ እንዴት ይታዘዝለታል? ለመንገደኛ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ይቅርባችሁ።

ወለላ

ወንድሜ ፍርደ ገምድል፣ የሩዋንዳን ምሳሌ ካነሡ አይቀር፣ የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ የደቡብ አፍሪካ ምርጫ የተካሄደው ጭፍጨፋው በተጀመረበት በዚያው ሚያዝያ 1994 መሆኑን ያስታውሱ። አፓርታይድ የቆመው በ1950ው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ላይ ነበር፤ መዝጋቢው ሰው ከተጠራጠረ እርሳስ በጠጉር ውስጥ ሰክቶ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም እያለ የሰውን ዕጣ ይወስን ነበር፤ በዚህ ሳቢያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በተለያየ ምድብ ተመዝግበው የተለያዩበት ጊዜ አለ። ሕጉ በ1991 ተሻረ። ይሁን እንጂ አዲሱ መንግሥት በ1998 ያወጣው የሥራ ፍትሐዊነት ሕግ የተበደሉትን ለመካስ ሲል እነዚያኑ ምድቦች መልሶ ተጠቀመባቸው። ሁለቱም አገሮች በመዝገብ ተቃጥለዋል፤ አንዱ መዝገቡን ሲያጠፋ ሌላው አቅጣጫውን አዞረው። ሩዋንዳ የመረጠችውም መንገድ ያለ ዋጋ አይደለም፤ መከፋፈልን የሚከለክለው ሕግ መንግሥትን የሚተቹ ሰዎችን ዝም ለማሰኘት እንደዋለ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደጋግመው ገልጸዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ መንገደኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ነው። ሕንዳዊቷን «ያ ጉዳይ እኛ ዘንድ የለም» ብሎ ያቋረጣት ሰው የአገሯ ልጅ ነበር። እዚህ ላይ ስለ «ሕንዳውያን አረዳድ» ወይም ስለ «ፈረንሳውያን አረዳድ» መናገር ያዳግታል፤ በአንድ አገር ውስጥ ያሉት በዳይና ተበዳይ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ አረዳዶች አሏቸው፤ ወደ ውጭ የሚሰማው ግን የጎላው ድምፅ ነው።

ካስት፣ ማለትም ሰውን በተወለደበት ቤተሰብ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ የሚመድበው የሕንድ ማኅበራዊ ሥርዓት፣ ይህንን ያሳያል። የሕንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ ሰውን እንደ ርኩስ ቆጥሮ አለመንካትን ሽሯል፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ1950 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘር አድልዎን ለማስወገድ በ1965 ስምምነት ሲያጸድቅ፣ ከዘርና ከቀለም ጎን የትውልድ ሐረግ የሚለው እንዲገባ ሐሳብ ያቀረበችው ሕንድ ራሷ ነበረች። ነገር ግን በ2001 በደርባን በተካሄደው የፀረ ዘረኝነት ጉባኤ ላይ ዳሊት የሚባሉት፣ በካስት ሥርዓት ከሁሉ በታች ተደርገው የተገለሉት ሰዎች ተወካዮች ጉዳያቸው እንዲታይ ሲጠይቁ፣ መንግሥታቸው ካስት ዘር አይደለም፣ የውስጥ ጉዳያችን ነው ብሎ ተቃወመ። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ በዓመቱ የትውልድ ሐረግ ካስትን እንደሚጨምር ቢያስታውቅም የመንግሥቱ አቋም አልተለወጠም። ጉዳዩ ከስደተኞቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ የሲያትል ከተማ በየካቲት 2023 የካስት አድልዎን በመከልከል ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ያጸደቀውን ተመሳሳይ ረቂቅ ግን አገረ ገዥው ነባሩ ሕግ ይበቃል በማለት ሳይፈርሙበት መልሰውታል። ተቃዋሚዎቹ ሕጉ ሕንዳውያንን ለይቶ በጥርጣሬ የሚያሳይ ነው ሲሉ የተናገሩት በጸረ ዘረኝነት ቋንቋ መሆኑ አይዘነጋም። ሁለቱም ወገኖች አድልዎ ደረሰብን ይላሉ።

በጃፓንም ቡራኩሚን የሚባሉት፣ ቀድሞ ከከብት እርድና ከቆዳ ሥራ ጋር በተያያዘ የተገለሉ ማኅበረሰቦች ዘሮች፣ በ1871 በአዋጅ እኩል ተብለዋል። በመልክም፣ በቋንቋም፣ በሃይማኖትም ከጎረቤታቸው አይለዩም። በ1975 ግን የሰፈሮቻቸውን ስምና አድራሻ የያዘ ዝርዝር በድብቅ እየተሸጠ መሆኑና በርካታ ትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ፈላጊዎችን ለማጣራት እንደገዙት ተጋለጠ። መንግሥት ሣጥን ባያዘጋጅም ገበያው አዘጋጅቶት ነበር ማለት ነው። ፍርደ ገምድል «ይቅርባችሁ» ሲሉ፣ መዝገቡን እኛ ስለተውነው በዳዩም ይተወዋል ብለው ያስባሉ?

ነገረ ፈጅ

በአድልዎ ክርክሮች ላይ እንደሚሠራ ጠበቃ ሁለት ፍርዶችን ልጨምር፤ ሁለቱም የአውሮፓ ናቸው፤ ሁለቱም ሮማ የሚባለው፣ በአውሮፓ ተበታትኖ የሚኖር አናሳ ሕዝብ (ከኢጣሊያዋ ከተማ ጋር አያገናኙት) ከሚደርስበት መገለል የተነሡ ናቸው።

የመጀመሪያው ከቼክ ሪፐብሊክ ነው። በኦስትራቫ ከተማ አሥራ ስምንት የሮማ ልጆች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው በተዘጋጁ ልዩ ትምህርት ቤቶች መመደባቸው አድልዎ ነው ብለው ከሰሱ። መንግሥት ልጆቹ የተመደቡት ለሁሉም እኩል በሚሰጥ ፈተና መሆኑን ተናገረ። በዘር የተለየ የተማሪ መረጃ በይፋ ስላልነበረ፣ የልጆቹ ወገን ለየትምህርት ቤቱ ርእሳነ መምህራን መጠይቅ በማደል ቁጥሩን ራሱ ሰበሰበ፤ የሮማ ልጅ ልዩ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሉ ከሌላው ልጅ ከ27 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ ታየ። የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2006 መጀመሪያ ውድቅ ቢያደርገውም፣ ታላቁ ችሎት በኅዳር 2007 ቁጥሩን ተቀብሎ ለልጆቹ ፈረደ። ስለዚህ ፍርደ ገምድል እንደሚሉት ቁጥሩ ቢቀር፣ ተበዳዩ ከበደሉ በተጨማሪ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የመሆን ግዴታ ይወድቅበታል።

ሁለተኛው ከቡልጋሪያ ነው፤ ለመንገደኛ ቅጽ ይበልጥ የሚጠቅመውም ይህ ነው። በዱፕኒትሳ ከተማ አብዛኛው ነዋሪ ሮማ በሆነበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ኩባንያው ቆጣሪዎችን ከመሬት ስድስትና ሰባት ሜትር ከፍታ ላይ ምሰሶ ላይ ሰቀለ፤ በሌሎች ሰፈሮች የሚሰቀሉት 1.70 ሜትር ላይ ነበር። ምክንያቱ ስርቆት ነው ተባለ። በሰፈሩ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ሒሳቧን ተጠራጥራ ቆጣሪዋን ለማንበብ ብትፈልግ አልደርስበት ስላላት ከሰሰች፤ እርሷ ግን የሮማ ተወላጅ አልነበረችም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2015 በሰጠው ውሳኔ፣ ልማዱ በአንድ ብሔረሰብ ላይ ያነጣጠረ ከሆነ አብሮ የተጎዳ ሰው ሁሉ፣ ትውልዱ ምንም ቢሆን፣ በዚያው ሕግ ሊከራከር እንደሚችል አረጋገጠ። ከሳሽዋ ምን እንደሆነች መጠየቅ ለክርክሩ አላስፈለገም፤ መመርመር የነበረበት ኩባንያው ስለ ሰፈሩ ያለው ግምት ነበር።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ባልደረቦችዎ ሁለት ወረቀቶችን አንድ አድርገው እየተጣሉ ነው የሚል ነው። የአቤቱታ ቅጽ የአመልካቹን ዘር ሊጠይቅ አይገባም፤ «የተበደልኩት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ» የሚል ክፍት ቦታ ይኑረው፤ በምሳሌነትም ቀለም፣ የትውልድ ሐረግ፣ ካስት፣ ብሔር፣ ዜግነት፣ ቋንቋና ሃይማኖት ይጠቀሱ፤ ትክክልም ይሁን ስሕተት በዳዩ ስለ ተበዳዩ የገመተው እንደሚበቃ በግልጽ ይጻፍ። ማን በብዛት እንደሚበደል ለማወቅ ደግሞ ስም የማይጻፍበት፣ በፈቃድ ብቻ የሚሞላ የተለየ መጠይቅ በየጊዜው ይካሄድ፤ ፈረንሳይን በመሰሉ አገሮች ያሉ ቢሮዎቻችሁ ምን መጠየቅ እንደሚፈቀድላቸው ግን አስቀድሞ በሕግ ባለሙያ ይጣራ።

ቆጣሪው

በነገረ ፈጅ ሐሳብ እስማማለሁ። የድርጅቱ ሠራተኞች ጥቂት ከሆኑ ግን ስም አለመጻፉ ብቻ አያድንም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዲት ዳሊት ብቻ ካለች መጠይቁ ስሟን ባይዝም ማንነቷን ይናገራል። ውጤቱ በክፍል ሳይከፋፈል ለድርጅቱ በጠቅላላ ብቻ ይታተም፤ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ምድብም ለብቻው አይውጣ።

መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቶቹን መለየት በስብሰባው ላይ ያልታሰበ መፍትሔ ነው። አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ወለላ ባነሡት ጉዳይ ላይ፣ ሕንዳዊቷ ባልደረባችን አቤቱታ ብታቀርብ የሚሰሟት ሰዎች ወይ ስለ ካስት የማያውቁ የሌላ አገር ሰዎች፣ ወይ ደግሞ ያቋረጣትን ሰው የሚመስሉ የአገሯ ልጆች ይሆናሉ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

ነገረ ፈጅ

ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። የካስት መገለል አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በጥያቄ መልክ ነው፤ የአባትሽ ስም ማን ነው፣ ከየትኛው መንደር ናችሁ፣ ቤተሰቦችሽ ምን ይሠሩ ነበር የሚሉትን ነገሩን የማያውቅ ሰሚ እንደ ወዳጅነት ጨዋታ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ሰሚው ኮሚቴ ከድርጅቱ ውጭ ያለ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ አማካሪ እንዲጠራ የሚፈቅድ ንዑስ አንቀጽ ጨምሩ፤ አመልካቿም ምክንያቷን ገልጻ በማንኛውም ሰሚ ላይ ተቃውሞ የማቅረብ መብት ይኑራት። የማስረዳት ሸክሙን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ያወጣውን የዘር እኩልነት መመሪያ 8ኛ አንቀጽ ብትከተሉ ይሻላል፤ አመልካቿ አድልዎን የሚያስገምቱ ፍሬ ነገሮችን ካቀረበች፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክም ወደ ተከሳሹ ይዞራል። ረቂቁ ሲዘጋጅ እዚህ ቢለጥፉት በየአንቀጹ አስተያየት እሰጥበታለሁ።